የሁለት ሂጅራ ባለቤት፤ የአስማ ቢንት ዑመይስ ሕይወትና የሴት ልጅ መሸፈኛ

ሴት ልጅ ጠጕሯን መሸፈኗ ከአላህ የታዘዘ ግዴታ ነው ወይስ የዐረቦች የአለባበስ ልማድ ብቻ ነው ተብሎ ሲጠየቅ እንሰማለን። በሰቆጣና በጋዝጊብላ ደጋ ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ነጠላዋን ወይም ጋቢዋን ተከናንባ ትውላለች፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ነገሩ ከብርድና ከአገር ባህል የሚለይ አይመስለውም። ልጁ አድጋ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ግን ጥያቄው ከደጁ ይደርሳል። እኛም ሕጉን በደረቁ ከመዘርዘር ይልቅ ሕጉ በወረደበት ዘመን የኖሩትን፥ ከዕድሜያቸውም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በዚሁ በሐበሻ ምድር ያሳለፉትን የአንዲት ሶሐቢያ ታሪክ ለመተረክ መረጥን። ታሪኩን ከዐረብኛው ወደ አማርኛ ስንመልሰው ለአገራችን ሰው የሚያስፈልገውን ማብራሪያ በየቦታው ጨምረንበታል።

አስማ የኸሥዐም ነገድ ተወላጅ ናቸው። እናታቸው ሂንድ ቢንት ዐውፍ በሴቶች ልጆቻቸው ባሎች ክብር እጅግ የታወቁ ናቸው፤ መይሙና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.)፥ ኡሙል ፈድል የአጎታቸው የዐባስ፥ ሰልማ ደግሞ የሌላው አጎታቸው የሐምዛ ባለቤቶች ሆነዋልና። አስማ ራሳቸው የነቢዩን የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን አገቡ። ሁለቱም ነቢዩ በአርቀም ቤት ተሰውረው ማስተማር ሳይጀምሩ በፊት የሰለሙ፥ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙስሊሞች የሚቈጠሩ ናቸው።

የመካ ሹማምንት በሙስሊሞች ላይ መከራውን ባጸኑባቸው ጊዜ፥ ነቢዩ ማንም በእርሱ ዘንድ ወደማይበደልበት ንጉሥ አገር እንዲሰደዱ ፈቀዱ። የመጀመሪያው ጓድ በ615 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ ጀዕፈርና አስማም ከዚያ በኋላ በተነሣው በሁለተኛው ታላቅ ስደት ወደ ሐበሻ መጡ። በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ሙስሊሞች የተናገሩት ጀዕፈር መሆናቸውን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ አስማ ግን በዚያ ምን እንደ ኖሩ የሚያወሳ ሰው ጥቂት ነው። ዐብዱላህን፥ ሙሐመድንና ዐውንን የወለዱት በዚህ በአገራችን ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ ዐብዱላህ በተወለደ በጥቂት ቀን ለነጃሺም ወንድ ልጅ ተወልዶለት በጀዕፈር ልጅ ስም ዐብዱላህ ብሎ ሰየመው፤ አስማም ሁለቱን ሕፃናት በአንድ ጡት አጠቡ። ከዋግ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በትግራይ ምድር የሚገኘው የነጋሽ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ጉዳት ቢደርስበትም፥ የዚያን ዘመን መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይዘየራል።

እንግዲህ ይህን እናስተውል። የመሸፈን ሕግ የወረደው አስማ በሐበሻ ሳሉ ነው። ነቢዩ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ የሱረቱል አሕዛብና የሱረቱን ኑር አንቀጾች ወረዱ። በሱረቱን ኑር ምእመናት ጌጣቸውን ለባዕድ እንዳይገልጡ፥ ኺማራቸውንም በአንገትጌያቸው ላይ እንዲያጣፉ ታዘዙ። ኺማር የሚባለው የዐረብኛ ቃል የራስ መሸፈኛ ጨርቅ ማለት ነው፤ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ጉፍታ ብሎ መልሶታል፥ መልካምም አድርጓል። ዐረብ ሴቶች ከእስልምና በፊትም ጉፍታ ነበራቸው፤ ዳሩ ግን ጫፉን ወደ ኋላቸው ይለቁት ስለ ነበረ አንገታቸውና ደረታቸው ይታይ ነበር። እናታችን ዓኢሻ እንደ ነገሩን፥ አንቀጹ በወረደ ጊዜ የመዲና ሴቶች አዲስ ልብስ እስኪገዛላቸው አልጠበቁም፤ ከሽርጣቸው ቀደው ወዲያው ተከናነቡበት።

አንዳንድ ሰዎች አንቀጹ ደረት እንዲሸፈን እንጂ ጠጕር እንዲሸፈን አላዘዘም ይላሉ። ነገር ግን አንድ ጌታ አገልጋዩን የራስህን ጥምጥም እስከ አንገትህ አውርደው ቢለው፥ አገልጋዩ ራሱን ገልጦ አንገቱን ብቻ ቢሸፍን ትእዛዙን ፈጸመ የሚለው ማን ነው? በራስ ላይ ያለው ወደ ታች ይውረድ ተባለ እንጂ ከራስ ላይ ይነሣ አልተባለም። ሌሎች ደግሞ መሸፈን የታዘዘው ጨዋይቱ ሴት ከባሪያይቱ እንድትለይ ነበረና ባርነት ከቀረ ሕጉም ቀርቷል ይላሉ። እውነት ነው፤ በሱረቱል አሕዛብ ስለ መከናነቢያ በተነገረው አንቀጽ ሴቶቹ እንዲታወቁና እንዳይነኩ የሚል ምክንያት ይገኛል፤ የጥንት ፉቀሃዎችም ለባሪያይቱ ሌላ ደንብ ጽፈው ነበር። የጉፍታው አንቀጽ ግን ይህን ምክንያት ከቶ አላነሣም፤ ምእመናትን ሁሉ በአንድነት ያዝዛል። ከዚህም በላይ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ያለ ጉፍታ የምትሰግደው ሰላት ተቀባይነት እንደሌለው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበ ሐዲስ አለ። የሐነፊ፥ የማሊኪ፥ የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀብ ሊቃውንትም ጠጕር በባዕድ ወንድ ፊት ሊሸፈን የሚገባው ስለ መሆኑ አንድ ቃል ናቸው።

ለደጋው ሰው ይህ ሁሉ በነጠላው ላይ ይፈተናል። ስስ ነጠላ ሹሩባውን ከላይ እያሳየ ራስ ላይ ቢጣል መሸፈን አይደለም። የወንድማቸው የዐብዱረሕማን ልጅ ስስ ጉፍታ ለብሳ በገባች ጊዜ፥ ዓኢሻ ቀደውባት ወፍራም እንዳለበሷት ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ጽፈዋል። ሻሽም ጠጕርን አጥብቆ ቢይዝ አንገትንና ደረትን ካስቀረ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ትቷል፤ ነጠላ ቢደረብበት ግን ይሞላል። ደግሞም ልጄ ተገለጠችብኝ ብሎ የሚቈጣው ነጋዴ፥ ያንን ስስ ጨርቅ ከአዲስ አበባ መርጦ ያመጣላት ራሱ መሆኑን ቢያስብ ቍጣውን በከፊል ወደ ራሱ ይመልሰው ነበር።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ኸይበርን በያዙበት ሰሞን የሐበሻ ስደተኞች በመርከብ ተመለሱ። አንድ ቀን አስማ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን ሊጠይቁ ገብተው ሳለ፥ የሐፍሷ አባት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ መጡ። ይህች ማን ናት ብለው ጠየቁ፤ አስማ መሆናቸው በተነገራቸው ጊዜም ሐበሻይቱ፥ ባሕር ተሻጋሪይቱ እርሷ ናትን አሉ። ቀጥለውም እኛ በሂጅራ ስለ ቀደምናችሁ ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ የቀረብን ነን የሚል ቃል ጨመሩ። አስማ ተቈጡ። እናንተ ከመልእክተኛው ጋራ ሆናችሁ እርሳቸው የተራበውን እያበሉላችሁ፥ ያላወቀውን እያስተማሩላችሁ ስትኖሩ፥ እኛ ስለ አላህና ስለ መልእክተኛው ብለን በሩቅና በማያፈቅሩን ሰዎች አገር ስንሰቃይ ነበርን ብለው መለሱላቸው። (አገራችንን እንዲህ ስላሉ የሐበሻ ሰው ቅር አይበለው፤ ስደት ማር የምታፈስ አገር ቢሆንም ስደት ነው።) ይህን ለነቢዩ ሳይነግሩ እህል እንዳይቀምሱ ማሉ፤ አንድ ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ነገሩም። ነቢዩም ዑመር ከእነርሱ ይልቅ የቀረቡ አለመሆናቸውን፥ ለዑመርና ለጓደኞቻቸው አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደ ዘገቡት፥ የመርከቡ ሰዎች ይህን ብሥራት ከአስማ አንደበት ለመስማት በጭፍራ በጭፍራ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር።

ይህ የሆነው የመሸፈን ሕግ ከወረደ በኋላ ነው። ጉፍታ የሴትን ምላስ ያስራል የሚል ሰው ቢኖር ከዚህ ታሪክ ጋራ ይጣላል።

በስምንተኛው ዓመት (629 እ.ኤ.አ.) በሻም ድንበር በሙእታ ጦርነት ሆነ፤ ጀዕፈርም ሁለቱ ክንዶቻቸው ተቈርጠው በዚያ ተሰዉ። ወሬው ወደ ነቢዩ በደረሰበት ቀን አስማ አርባ ቆዳ አልፍተው፥ ሊጣቸውን አቡክተው፥ ልጆቻቸውን አጥበውና ቀብተው ነበር። ነቢዩ ገብተው ልጆቹን ጠሩ፤ አቅፈው ሲያሸቷቸው ዐይናቸው እንባ አዘነበ፤ አስማም የባላቸውን ሞት ከፊታቸው ዐወቁ። ነቢዩ ወጥተው ለጀዕፈር ቤተ ሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ኀዘን ያገኛቸው ሰዎች ለራሳቸው አያስቡምና። ዛሬ ጎረቤት ለለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ሲሄድ በሱና መሄዱ ነው።

ስለ አርባው ቆዳ ጥቂት ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው ፋቂ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፤ ስድቡም ለብዙ ሙስሊም ባለ እጅ ደርሶታል። የሃሺም ልጆች ምራት፥ የነቢዩ የአጎት ልጅ ሚስት ግን በአንድ ቀን አርባ ቆዳ ያለፉ ነበሩ። መሸፈናቸው ከሥራ አላገዳቸውም፤ ሥራቸውም ከክብራቸው አላጐደለም። ሚስቱ ተሸፍና ገበያ ወጥታ ጥጥና ቡና ብትሸጥ የሚያፍር ሰው፥ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚያፍር ቢነግረን እንወዳለን።

ከጀዕፈር በኋላ አቡበክር አስ ሲዲቅ አገቧቸው። አንድ ቀን ከሃሺም ልጆች አንዳንድ ሰዎች አስማን ሊጠይቁ ገብተው ሳለ አቡበክር መጡ፤ ነገሩን አልወደዱትም። ወደ ነቢዩም ሄደው ነገሩ፤ ዳሩ ግን ከመልካም በቀር ምንም እንዳላዩ መሰከሩ። ነቢዩ አስማን አላህ ከዚህ ነገር ንጹሕ እንዳደረጋቸው ተናገሩ፤ ከዚያም ወደ ሚንበር ወጥተው፥ ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም ወንድ ባሏ በሌለበት ሴት ቤት ከእርሱ ጋራ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሳይኖር እንዳይገባ ከለከሉ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

ነጋዴ ወንድሞች ሆይ፤ ይህ ደንብ በቀጥታ ወደ እናንተ ቤት የመጣ ነው። አባቶቻችን ከአፋር በረሓ የወጣውን አሞሌ ጨው ተቀብለው በበቅሎና በአህያ እየጫኑ ወደ ሰቆጣ ሲመላለሱ ሳምንታት ከቤታቸው ይለዩ ነበር፤ ዛሬም ባለ መኪናው ደሴና አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ብዙ ሌሊት ያልፋል። ቤቱ ሲቀር የሚጠበቀው በሴቲቱ ጉፍታ ብቻ አይደለም። ነቢዩ በዚያ ቀን ሚንበር ላይ ወጥተው አስማን አልገሠጹም፥ ከቤትሽ አትውጪም አላሉ፤ ትእዛዙን በእንግዶቹ ወንዶች ላይ አደረጉት። በሱረቱን ኑርም ቢሆን ወንዶች ዐይናቸውን እንዲሰብሩ የታዘዘበት አንቀጽ ሴቶች ከታዘዙበት ይቀድማል። ሰው የሚስቱን ጉፍታ በየቀኑ እየመረመረ የራሱን ዐይን በገበያ ላይ ልቅቅ ቢያደርግ፥ ከሁለቱ አንቀጽ ፊተኛውን ዘሎ ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ነው። ልጃገረድንም ለአካለ መጠን ስትደርስ ጉፍታዋን በፍቅርና በትምህርት ማስያዝ የአባትና የእናት ግዴታ ነው፤ በዱላ የተሸፈነ ራስ ግን ዱላው ዘወር ሲል እንደሚገለጥ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

በዐሥረኛው ዓመት (632 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ለመሰናበቻ ሐጅ ሲነሡ አስማ ዙልሑለይፋ ላይ ሙሐመድ ኢብን አቢ በክርን ወለዱ። ነቢዩም ታጥበው፥ በጨርቅ ታጥቀው ኢሕራም እንዲገቡ አዘዟቸው፤ የወለደች ሴት የሐጅ ደንብም ከዚህ ተገኘ።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት ነቢዩ ባረፉ በስድስት ወር ልጃቸው ፋጢማ ታመሙ። ስለ ሞታቸው ሲያስቡ ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ጊዜ የሴት ጀናዛ በሰሌን ላይ ተኝታ ጨርቅ ይጣልባት ስለ ነበረ፥ የአካሏ ቅርጽ በሕዝብ ፊት ይታይ ነበር። ይህን ለአስማ ነገሩ። አስማም በሐበሻ ምድር ያዩትን እንደሚያሳዩአቸው ነግረው እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጡ፤ እንደ ቀስት አጎንብሰው በቃሬዛው ላይ አቆሙትና ጨርቅ አለበሱት። ጨርቁ ከአካል ርቆ እንደ ድንኳን ቆመ። ፋጢማ እጅግ ደስ አላቸው፤ በሞቱ ጊዜም አስማና ባላቸው ዐሊ እንዲያጥቧቸው፥ ሌላ ሰው እንዳይገባባቸው ተናዘዙ። ይህን ኢብን ዐብዱል በርና በይሀቂ ጽፈውታል። ሌላ ዘገባ ደግሞ እንዲህ ያለው ቃሬዛ የተሠራው በሃያኛው ዓመተ ሂጅራ ላረፉት ለእናታችን ለዘይነብ ቢንት ጀሕሽ ነው ይላል፤ ትምህርቱ ከሐበሻ መምጣቱን ግን ሁለቱም ይናገራሉ። የሴት ጀናዛ እንዲህ መሸፈኗ የተወደደ መሆኑንም ፉቀሃዎች በመጻሕፍቶቻቸው አስፍረዋል።

መሸፈን የዐረብ ልማድ ብቻ ነው ለሚለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላገኘንም። ቃሬዛውን የሠሩት ዐረቦች አልነበሩም፤ የያኔው የሐበሻ ሰዎች ክርስቲያኖች ነበሩ። አስማ ከእነርሱ ዘንድ ሐያእን አይተው፥ መልካም መሆኑን ተረድተው፥ ለነቢዩ ልጅ ወሰዱላት። ዛሬም የጋዝጊብላ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነጠላዋን ሳትከናነብ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አትገባም። የእኛን ግዴታ የሚያቆመው የአላህ ቃል ነው እንጂ የጎረቤት ልማድ አይደለም፤ ነገር ግን ሐያእ ለአንድ አገር ሰው ብቻ የተሰጠ ልብስ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

አቡበክር በመጨረሻ ሕመማቸው ተኝተው ሳለ ቀይስ ኢብን አቢ ሓዚም የሚባል ሰው ከአባቱ ጋራ ሊጠይቃቸው ገባ። ከራስጌያቸው ሆነው ዝንብ የሚከላከሉላቸውን አንዲት ቀይ ሴት አየ፤ እጆቻቸው ተነቅሰዋል፤ አስማ ነበሩ። ንቅሳቱ ከእስልምና በፊት የተደረገ ነው፤ መነቀስን ነቢዩ ከልክለዋልና። የደጋው ሴቶች በአንገታቸውና በድዳቸው የሚነቀሱትን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም፤ ሳታውቅ በልጅነቷ የተነቀሰችም ሴት በዚህ አትጨነቅ። ሊቃውንት ከዚህ ዘገባ የእጅ መታየት የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ወስደዋል። ሴት ለአካለ መጠን ስትደርስ ከፊትና ከእጅ በቀር እንዳይታይባት የሚለው ሐዲስም በአንደኛው መንገድ ከዓኢሻ፥ በሌላው መንገድ ከእኒሁ ከአስማ ቢንት ዑመይስ ተዘግቧል። እውነቱን ለመናገር የሁለቱም ሰነድ ደካማ ነው፤ ከዓኢሻ የተላለፈው የተቈረጠ መሆኑን አቡ ዳውድ ራሳቸው ጽፈዋል፤ አንዱ ሌላውን ይደግፈዋል የሚሉ ሊቃውንት ግን አሉ። ስለዚህ ፊትና እጅ በባዕድ ፊት ይሸፈን ወይስ አይሸፈን በሚለው ላይ ፉቀሃዎች ተለያይተዋል፤ ፊቷን የገለጠችውን መስደብ፥ የሸፈነችውንም መዝለፍ አይገባም። ጠጕር ግን ከዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ግዴታነቱም በዚህ ደካማ ሰነድ ላይ አልተመሠረተም።

አቡበክር በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት (634 እ.ኤ.አ.) ሲያርፉ፥ ሬሳቸውን ሚስታቸው እንዲያጥቧቸው ተናዘው ነበርና አስማ አጠቧቸው። ቀኑ ጽኑ ብርድ ነበረ፤ እርሳቸውም ጾመኛ ነበሩ። ሲወጡ ገላቸውን መታጠብ ግድ ይሆንባቸው እንደ ሆነ በቦታው የነበሩትን ሙሃጂሮች ጠየቁ፤ እነርሱም ግድ እንዳልሆነ ነገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ዐሊ ኢብን አቢ ጧሊብ አገቧቸውና የሕያ የሚባል ልጅ ወለዱላቸው። ኢብን ሰዕድ እንደ ጻፉት፥ አንድ ቀን የጀዕፈር ልጅ ሙሐመድና የአቡበክር ልጅ ሙሐመድ የማን አባት ይበልጣል እያሉ ተከራከሩ፤ ዐሊም እናታቸው እንዲፈርዱ ጠየቁ። አስማ ከዐረብ ወጣቶች ከጀዕፈር የሚሻል፥ ከሽማግሌዎችም ከአቡበክር የሚሻል አላየሁም ብለው ፈረዱ። ዐሊም ለእኛ ምን አስቀረሽልን ብለው ተጫወቱ።

በሠላሳ ስምንተኛው ዓመት (658 እ.ኤ.አ.) ልጃቸው ሙሐመድ ኢብን አቢ በክር በግብፅ ተገደለ። መርዶው በደረሳቸው ጊዜ አልጮኹም፥ ልብሳቸውን አልቀደዱም፤ ወደ መስገጃቸው ገብተው ኀዘናቸውን በውስጣቸው ዋጡት፤ ከመጨነቃቸውም የተነሣ ከጡታቸው ደም ፈሰሰ ይባላል። ዐሊ በአርባኛው ዓመት (661 እ.ኤ.አ.) ከተገደሉ በኋላ ጥቂት ኖረው እርሳቸውም አረፉ። ሐዲስ ከእርሳቸው የተቀበሉት በሐበሻ የወለዱት ልጃቸው ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈር፥ የእኅታቸው ልጅ ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ፥ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይርና ሌሎችም ናቸው። በግብፅ የተገደለው የሙሐመድ ልጅ አልቃሲም ደግሞ በአክስቱ በዓኢሻ ቤት አድጎ ከመዲና ሰባቱ ታላላቅ ፉቀሃዎች አንዱ ሆነ።